የእግር ፈንገስ፦ አክሞ ማዳንና እንዳይመለስ ማድረግ

ማሳከኩ ቆመ። ክሬሙ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ቦታ፣ ያው ማሳከክ። የእግር ፈንገስ ያስቸገራቸውን ሰዎች ጠይቁ፣ አብዛኞቹ ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ። «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላሉ። መድኃኒቱ ግን ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ወይ ቶሎ እናቆማለን። ወይ እግራችንን እያከምን ጫማችንን እንረሳለን። ወይ ደግሞ ከነጭራሹ ፈንገስ ያልሆነ ነገር ላይ የፈንገስ ክሬም እንቀባለን።

ስለዚህ የክሬም ስም ብቻ ነግሬያችሁ አላልፍም። መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን።

ይህ ፈንገስ ምንድን ነው?

የእግር ፈንገስን የሚያመጡት ደርማቶፋይት የሚባሉ ፈንገሶች ናቸው። ጭርት የሚያመጡትም እነዚሁ ናቸው፤ ቦታው ነው የሚለየው። በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም ይባላል። ጣሊያናዊው ሐኪም አልዶ ካስቴላኒ በ1910 እ.ኤ.አ. የገለጸው እሱን ነው።

የሚመገቡት ኬራቲንን ነው። ኬራቲን የላይኛው ቆዳችን፣ ጥፍራችንና ጸጉራችን የተሠሩበት ፕሮቲን ነው። ፈንገሱ የሚቀመጠው በሞተው የላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ደም ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው ትኩሳት ሳያመጣ፣ ሰውን አልጋ ላይ ሳይጥል ለዓመታት አብሮ የሚኖረው። ሰውነታችንም በቀላሉ አያባርረውም። የመከላከያ ሕዋሳት የሚመላለሱት ደም ባለበት ነው፤ እሱ ደግሞ የተደላደለው ደም በማይደርስበት ነው።

እግር የተመቸው በምክንያት ነው። ውስጥ እግራችን ላይ ያለው የኬራቲን ሽፋን ወፍራም ነው፤ ምግብ ሞልቷል። ላብ በብዛት ያመነጫል። አብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ያለው የቅባት ዕጢ ውስጥ እግር ላይ የለም፤ የቆዳ ቅባት ደግሞ ፈንገስን የሚያዳክሙ ነገሮች አሉት። በዚህ ሁሉ ላይ ጫማ ስናጠልቅበት ሙቀቱና እርጥበቱ ተሟላ ማለት ነው። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰዎች ላይ ይህ በሽታ ብዙም አይታይም። የጫማ በሽታ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አንድ ነገር ቶሎ ብዬ ልበል። የእግር ፈንገስ የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። እንዲያውም በብዛት የሚይዛቸው ዋናተኞች፣ ስፖርተኞችና ወታደሮች ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ሻወር የሚወስዱ፣ ግን እግራቸው ሳይደርቅ ጫማ የሚያጠልቁ ሰዎች። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያስከፍለው መደበቁ ነው።

ደረጃ 1፦ እግራችሁን በብርሃን ተመልከቱ

እግራችሁን ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ቁጭ በሉና የስልካችሁን መብራት አብሩ። ከትንሿ ጣት ጀምሩ። ወደ ውጭ ሳብ አድርጋችሁ በእሷና በአራተኛዋ ጣት መሃል ያለውን ስንጥቅ እዩ። ፈንገሱ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚሠራው እዚህ ነው፤ ሁለቱ ጣቶች በጣም ስለሚጠጋጉ አየር አይገባም። ቆዳው ነጣ ብሏል? ረስርሷል? ጠርዙ ላይ ይላጣል? ታች ድረስ የወረደ ቀጭን ስንጥቅ አለ? ሽታስ አለው? ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ካሉ፣ በተለይ ካልሲ ስታወልቁ የሚያሳክካችሁ ከሆነ፣ ፈንገስ መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ነው።

አሁን ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ። ሁለተኛው ዓይነት እዚህ ነው ያለው። ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህኛው ነው፣ ምክንያቱም ላያሳክክ ይችላል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ የእግር መስመሮቹ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይታያል። ድርቀቱ ከተረከዝ ተነስቶ የእግርን ጎንና ጎን ይዞ ይወጣል። ሰውየው «የኔ ቆዳ ደረቅ ነው» ብሎ ለዓመታት ቫዝሊን ይቀባል። ቫዝሊኑ ያለሰልሰዋል፣ ፈንገሱን ግን ምንም አያደርገውም። ሁለቱም እግሮች እንዲህ ሆነው አንደኛው እጅ ብቻ መዳፉ ላይ ከደረቀና ከተቀረፈፈ፣ ይህ ለቆዳ ሐኪሞች በጣም የታወቀ ምልክት ነው። እግር ሲያክኩበት የኖሩበት እጅ ነው።

ሦስተኛው ውሃ የሚቋጥረው ነው። ብዙ ጊዜ በውስጥ እግር ጎድጓዳው ክፍል ላይ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ይወጣሉ። ማሳከኩ ከባድ ነው። ኤክዚማም (በፈንገስ የማይመጣ የቆዳ መቆጣት) እንዲሁ ስለሚያደርግ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

አራተኛው ቆዳው ቆስሎ፣ ባክቴሪያ ገብቶበት፣ የሚያምና የሚያዥ ሲሆን ነው። እሱ የክሬም ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ጋር ነው የሚኬደው።

እግረ መንገዳችሁን ጥፍራችሁንም እዩ። ወፍሯል? ቢጫ ሆኗል? ጠርዙ ይፈረፈራል? መልሱን ያዙት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 2፦ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል አስቡ

ያሳከከ እግር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። እነዚህን አራቱን ብቻ ልጥቀስ።

የጫማ አለርጂ አለ። በጫማው ጎማ፣ ሙጫ ወይም ቆዳው በተለፋበት ኬሚካል የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእግር የላይኛው ገጽ ላይ፣ ጫማው በሚነካው ቦታ ነው። ሁለቱም እግር ላይ በተመሳሳይ ቦታ መውጣቱ ይለየዋል። ፈንገስ ብዙ ጊዜ ከአንዱ እግር ይጀምራል።

ሶሪያሲስ፣ ቆዳን ወፍራም ቅርፊት የሚያለብስ ሌላ በሽታ፣ ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ ከደረቁ የፈንገስ ዓይነት ጋር ይመሳሰላል። ክርናችሁን፣ ጉልበታችሁንና የራስ ቆዳችሁን ተመልከቱ። እዚያም ወፍራም ቅርፊት ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

ውስጥ እግር ላይ በመርፌ የተበሳሳ የሚመስሉ ትንንሽ ጉድጓዶችና ለአፍንጫ የሚከብድ ሽታ ካለ ደግሞ መንስኤው ባክቴሪያ ነው። በጣቶች መሃል ቡናማ ወይም ቀላ ያለ፣ ብዙም የማያሳክክ ነገርም እንዲሁ በባክቴሪያ ሊመጣ ይችላል። ኤሪትራዝማ ይባላል። ሐኪም ልዩ መብራት ሲያበራበት ደማቅ ሮዝ ቀይ ሆኖ ያበራል። ለሁለቱም የሚታዘዘው ሌላ መድኃኒት ነው።

ከተጠራጠራችሁ ምርመራው ቀላል ነው። ከቆዳው ላይ ትንሽ ቅርፊት ይፋቃል፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አያምም፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። የፈንገሱን ዓይነት ለማወቅ ማሳደግ ካስፈለገ ግን እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ምርመራ ልትሄዱ ስትሉ ክሬም እየቀባችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ፈንገሱ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 3፦ በራሳችሁ ማከም የሌለባችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ

ስኳር ያለበት ሰው የእግር ፈንገስን በራሱ አያክም። ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፣ የደም ዝውውርንም ይቀንሳል። በጣቶች መሃል ያለች ስንጥቅ ሳትታወቅ ቁስል ትሆናለች፤ ቁስሏ ደግሞ ለመዳን ዳገት ነው። የእግር ደም ዝውውር ችግር ያለበት፣ እግሩ ሁልጊዜ የሚያብጥ፣ በኤችአይቪ፣ በካንሰር ሕክምና ወይም ለረጅም ጊዜ በሚወሰድ ስቴሮይድ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመም እንዲሁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያማክሩ። ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ባልደረሰ ልጅ ላይ የእግር ፈንገስ ያን ያህል የተለመደ አይደለም፤ ስለዚህ የልጅ እግር ሲላጥ ወደ ክሬም ከመሮጥ ማሳየት ይሻላል።

ማንም ይሁን ማን፣ የሚከተሉት ከታዩ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ፦ መቅላቱ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ባት እየወጣ ከሆነ፣ እግሩ ካበጠና ከጋለ፣ መግል ካለ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ። ይህ ሴሉላይተስ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያ በፈንገሱ ስንጥቅ ገብቶ የታችኛውን የቆዳ ክፍል ሲያጠቃ ማለት ነው። ፈንገሱ ራሱ አይገድልም፤ በር ከፍቶ የሚያስገባው እንግዳ ግን ቀልድ አያውቅም። እግሩን ሴሉላይተስ እየተመላለሰ የሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ በጣቶቹ መሃል ፈንገስ መኖር አለመኖሩ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን መድኃኒት ምረጡ

ፋርማሲ ስትገቡ ብዙ ቱቦ ተደርድሮ ታያላችሁ። ስሙን ተዉት፣ ከሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ንጥረ ነገር አንብቡ።

ተርቢናፊን 1 በመቶ ክሬም ፈንገሱን የሚገድል ነው። በጣቶች መሃል ላለው ፈንገስ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ እየተቀባ ብዙ ጊዜ 1 ሳምንት ይበቃዋል፤ ውስጥ እግር ላይ ላለው 2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ክሎትሪማዞል 1 በመቶ እና ሚኮናዞል 2 በመቶ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት ያህል ነው የሚቀቡት። ሁሉም ይሠራሉ። የእኔ ምርጫ ተርቢናፊን ነው፣ ምክንያቱም አጭር ነው። አጭር ሕክምና ደግሞ የሚጨረስ ሕክምና ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ሳይረሳ የሚቀባ ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

ኒስታቲን የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ እውነት ነው። ግን የሚሠራው ካንዲዳ ለሚባለው ፈንገስ ነው። ለእግር ፈንገስ ቀብታችሁት ምንም ካልመጣ አትገረሙ።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታዞል እና መሰሎቻቸው። ቀብታችሁት በ2 ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል፣ መቅላቱ ይጠፋል። «ይሄ ነው መድኃኒት!» ያሰኛል። ግን የሠራው ነገር የሰውነታችሁን የመከላከል ምላሽ ዝም ማሰኘት ነው። ፈንገሱ ያለ ከልካይ ይሰፋል፤ መልኩም ይቀየርና ሐኪም እንኳ አይቶ ለመለየት ይቸገራል። አንዳንድ ቱቦዎች ስቴሮይድ፣ አንቲባዮቲክና የፈንገስ መድኃኒት አንድ ላይ ቀላቅለው የያዙ ናቸው። «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው ስለሚሰጡ ደስ ይላሉ። ሐኪም አይቶ ካላዘዘ በቀር አትቀበሏቸው። ፋርማሲስቱን «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ የወራት ጣጣ ታስቀራለች።

የዊትፊልድ ቅባትም አለ። 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። አሮጌ መድኃኒት ነው፣ ግን የደረቀና የወፈረ ውስጥ እግርን ይልጣል። ለተሰነጠቀና ለረሰረሰ የጣት መሃል ግን አይሆንም፤ ያቃጥላል።

የቤት ውስጥ መላውን በተመለከተ አጭር ልሁን። በረኪና ቆዳ ያቃጥላል፣ በፍጹም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰር ቆዳን አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥራል። ኮምጣጤም የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲነካ ያንገበግባል፣ በእሱ ፈንገስ ድኗል ለማለትም አያስደፍርም።

የሚዋጥ መድኃኒትስ? ውስጥ እግሩ በሙሉ የወፈረበት፣ ጥፍሩ የተያዘበት፣ ወይም በአግባቡ ተቀብቶ ያልዳነ ሰው ሊያስፈልገው ይችላል። ተርቢናፊን 250 ሚሊግራም፣ አንዳንዴ ኢትራኮናዞል ይታዘዛል። እነዚህ በጉበት ላይ ጫና ሊያመጡ ይችላሉ፤ ኢትራኮናዞል ደግሞ ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የጓደኛን የተረፈ ኪኒን መዋጥ የለም። በተለይ ኬቶኮናዞል ኪኒን ከተሰጣችሁ ጠይቁ። በጉበት ጉዳት ምክንያት የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ለፈንገስ ሕክምና እንዲታገድ ሐሳብ አቅርቧል፤ የአሜሪካውም አጠቃቀሙን በጣም አጥብቦታል። ክሬሙና ሻምፑው ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ስጋቱ እነሱን አይመለከትም።

ደረጃ 5፦ አቀባቡን አስተካክሉ

እግራችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ ፍጹም አድርቁ። ርጥብ ቆዳ ላይ ክሬም መቀባት ርጥበቱን አፍኖ ማስቀመጥ ነው።

መጠኑን በጣታችሁ ለኩ። ከጠቋሚ ጣታችሁ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ ድረስ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው። አንድ እግር ከላይ እስከ ታች ለመቀባት ሁለት እንዲህ ያለ ይበቃል። ለጣቶች መሃል ብቻ ከሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ። ብዙ መቀባት ቶሎ አያድንም፤ ቆዳውን ያረሰርሰዋል እንጂ።

የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ አትቁሙ። ፈንገሱ በዓይን ከሚታየው ዳር አልፎ ይገኛል። ከዳሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ቆዳ ተሻግራችሁ ቀቡ። ከውጭ ወደ መሃል እያላችሁ ቀቡት። አንድ የጣት መሃል ብቻ ቢያዝም ሁሉንም የጣት መሃሎች አዳርሱ። ሁለተኛውንም እግር አትርሱ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ክሬሙ ቆዳው ውስጥ እስኪገባ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ካልሲ አድርጉ።

የምታቆሙበትን ቀን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል። የሚያታልለውም ይሄ ነው። የላይኛው ቆዳ ታድሶ ለመጨረስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ ውስጥ እግር ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ የተያዘው ቆዳ ገና አልተራገፈም። ስለዚህ ማቆሚያው ማሳከኩ ሳይሆን ቀኑ ነው። ክሎትሪማዞልና ሚኮናዞል የምትጠቀሙ ከሆነ ቆዳው ጤነኛ ከመሰለ በኋላም ሳምንት ሁለት ሳምንት ጨምሩበት።

ደረጃ 6፦ ማድረቅን ሥራ አድርጉት

ክሬም ብቻ ቢቀባ እግር ግን ርጥብ ሆኖ ቢውል፣ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ከሻወር ስትወጡ አብዛኞቻችን እግራችንን በፎጣ አንድ ጊዜ ጠረግ አድርገን እናልፋለን። የእግር ጣቶች መሃል ግን በዚያ አይደርቅም። ቁጭ በሉ። አንድ እግር ጉልበታችሁ ላይ አውጡ። በፎጣው ጠርዝ ወይም በሶፍት በአራቱም የጣት መሃሎች ውስጥ አስገብታችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ። አትፈትጉ፤ የላላው ቆዳ ይላጣል። ከዚያ ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጋችሁ 5 ደቂቃ አየር አስመቷቸው። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ በቀዝቃዛው አየር ተጠቀሙ። ጣቶቻቸው በጣም የተጣበቁባቸው ሰዎች ማታ ማታ ቀጭን የጥጥ ወይም የጎዝ ቁራጭ በመሃል ቢያስገቡ ይጠቅማቸዋል።

የእግር ፎጣ ለብቻው ይሁን። አንድ ፎጣ ብቻ ካላችሁ እግራችሁን መጨረሻ ላይ አድርቁ። እግሩን አድርቆ በዚያው ፎጣ ወደ ብሽሽቱ የሚወጣ ሰው ፈንገሱን በእጁ ይዞ እየወሰደው ነው። የብሽሽት ጭርት በአብዛኛው የሚጀምረው ከእግር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ብልሃት አለች፣ ሰው ሲሰማት ይስቃል። የእግር ፈንገስ እስኪለቃችሁ ድረስ ከውስጥ ሱሪ በፊት ካልሲ አድርጉ። የውስጥ ሱሪው በባዶ እግር ላይ ሲያልፍ ፈንገሱን ጠርጎ ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። ካልሲው ካለ አይነካውም።

እግሩ በጣም የሚያልበው ሰው ፈንገሱን ቢያድነውም ላቡ መልሶ ይጠራዋል። ፋርማሲ ውስጥ አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት ላብ የሚቀንስ ነገር ጠይቁ። ማታ በደረቀና ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ይቀባል። የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ግን ያቃጥላልና እስኪድን ታገሱ።

ደረጃ 7፦ ጫማና ካልሲ

ፈንገሱ ከቆዳ በተራገፈች ቅርፊት ውስጥ ሆኖ ለወራት መቆየት ይችላል። ጫማችሁ ውስጥ ያለው ይሄ ነው። እግራችሁ ድኖ ወደዚያው ጫማ ሲመለስ ነገሩ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከተቻለ ሁለት ጫማ እያፈራረቁ ማድረግ ነው። በላብ የራሰ ጫማ ለመድረቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ አንድ ሌሊት አይበቃውም። ማታ ስታወልቁ ገበሩን አውጡት፣ የጫማውን አፍ ከፈት አድርጉት፣ አየር ያለበት ቦታ አስቀምጡት። ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር አትወሽቁት። በጣም ከራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት። ፀሐይም ያግዛል። የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ፓውደር ጠዋት ጠዋት ጫማው ውስጥ ነስንሱ። ሁሉንም ጫማ አውጥቶ መጣል ግን አያስፈልግም። ገበሩ የተቀደደና ሽታው አልለቅ ያለ አሮጌ ስኒከር ካለ እሱን አሰናብቱት፣ ሌላውን አድኑት።

ቀኑን ሙሉ የጎማ ቦት ወይም ሴፍቲ ጫማ የሚያደርጉ ሰዎች ሥራቸው ከባድ ነው። ምርጫ ስለሌላቸው ትርፍ ካልሲ ይያዙ፣ በእረፍት ሰዓት ቀይረው እግራቸውን ያናፍሱ።

ካልሲ በየቀኑ ይቀየራል፣ ከራሰ ደግሞ በቀን ሁለቴ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ግን ርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ብዙ የሚያልበው ሰው ላብን ወደ ውጭ የሚያወጡትን የስፖርት ካልሲዎች ወይም ቀጭን ሱፍ ቢሞክር ይሻለዋል። ስታጥቡ ገልብጡ፤ ቅርፊቱ ያለው በውስጥ በኩል ነው። በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ማጠብ ፈንገሱን ይገድላል። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ካልሲ ግን ንጹሕ ቢመስልም ፈንገሱን ይዞ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከሰው እንዳትወስዱ፣ ለሰው እንዳትሰጡ

የጋራ ሻወር፣ የመዋኛ ገንዳ ዳርቻ፣ የጂም መልበሻ ክፍል። ሦስቱም ርጥብ ናቸው፣ ሦስቱም ላይ ባዶ እግር ይረገጣል። ነጠላ ጫማ አድርጉ፣ ሻወር ውስጥም ጭምር። የሰው ጫማ፣ ካልሲ፣ ፎጣና የጥፍር መቁረጫ አትዋሱ። ፈንገሱ የረገጠውን ሁሉ አይዝም፤ ግን ርጥብና የላላ ቆዳ ካገኘ ሥራ አይፈታም።

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከተያዘ የሌሎቹም እግር ይታይ። ምልክት ያለበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታከም። አንዱ ሲድን ሌላው እየያዘ ዓመት የሚዞርባቸው ቤቶች አሉ። የሻወር ክፍሉን ወለል አጥቡ፣ የእግር መጥረጊያ ምንጣፉን ቶሎ ቶሎ እያጠባችሁ አድርቁት።

ደረጃ 9፦ ጥፍርን አትዝለሉ

ቅድም ያዙት ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው። ቆዳችሁ በየጊዜው እየዳነ የሚመለስ ከሆነ ጥፍራችሁን ጠርጥሩ። ፈንገሱ ጥፍር ውስጥ ከገባ ክሬም በቀላሉ አይደርስበትም። እዚያ ተሸሽጎ በየጊዜው ወደ ቆዳው ይወርዳል።

ግን የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። በጠባብ ጫማ መመታት፣ ሶሪያሲስና እርጅናም ጥፍር ያወፍራሉ። ስለዚህ የወራት ሕክምና ከመጀመራችሁ በፊት ጥፍሩ በላቦራቶሪ ይታይ። የሚዋጥ ተርቢናፊን ለእግር ጥፍር ብዙ ጊዜ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ቀለል ላለው እንደ አሞሮልፊን ያለ ጥፍር ላይ የሚቀባ መድኃኒት አለ፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይወስድበታል። መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ጥፍሩ ገና አስቀያሚ ቢሆን አልሠራም ማለት አይደለም። ከሥር ንጹሕ ጥፍር እየወጣ መሆኑን እዩ።

ካልዳነስ?

በአግባቡ ተቀብቶ፣ እግርም ጫማም ደርቆ፣ 4 ሳምንት አልፎ ለውጥ ከሌለ ክሬም መቀያየሩን አቁሙና ተመርመሩ። ወይ ፈንገስ አይደለም፣ ወይ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ወይ ባክቴሪያ ተደርቦበታል። መድኃኒት የለመደ ፈንገስም አለ። ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒየ የሚል ስም በ2020 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ዝርያ ብዙ ጊዜ ለተርቢናፊን አይበገርም። ይበልጥ የሚታየው ብሽሽትና ገላ ላይ ቢሆንም፣ ሰፊ ቦታ የያዘና በተርቢናፊን ያልተንቀሳቀሰ ጭርት ያለበት ሰው ይህንን ለሐኪሙ ያንሳ።

ከዳናችሁ በኋላ ክሬሙን በየቀኑ መቀባት አያስፈልግም። ከሻወር በኋላ ማድረቁ ይቀጥል፣ በሙቀት ወራትና ስፖርት በምትሠሩባቸው ቀናት ፓውደር አድርጉ። በሳምንት አንዴ ትንሿን ጣት ሳብ አድርጋችሁ እዩ። ነጣ ብላ ወይም መላጥ ጀምራ ካገኛችኋት በዚያው ቀን ማታ ጀምሩ፤ ክሬሙ ከተከፈተ የቆየ ከሆነ ግን መጀመሪያ የማብቂያ ቀኑን አንብቡ።